ባለቤቱ የሌለበት ቤት

ሰው ቤት መሥራት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሁለት ነገር ሲያሳስበው ኖሯል። አንደኛው በቤቱ ሳለ የሚመጣበትን ጠላት እንዴት እንደሚመክት ነው፤ ሁለተኛው ከቤቱ በራቀ ጊዜ ንብረቱን ማን እንደሚጠብቅለት ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ ተጽፏል፤ ግንቡም ምሽጉም የተነገረለት ነው። ስለ ኋለኛው ግን ሲወራ የምንሰማው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ዘማቹም፥ ነጋዴውም፥ ተሳላሚውም፥ በዓመት ፈቃዱ ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄደው የመንግሥት ሠራተኛም ደጁን ዘግቶ ሲወጣ ይኸው አንድ ሐሳብ ይከተለዋልና፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ብንመረምረው ለአንባቢዎቻችን ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

የጥንቱን የአገራችንን ቤት የተመለከተ ሰው መዝጊያው የሚጠብቀው በመቀርቀሪያ መሆኑን ያውቃል። መቀርቀሪያ ከውስጥ የሚጣል እንጨት ስለ ሆነ የሚያገለግለው በቤት ውስጥ ሰው ሲኖር ብቻ ነው፤ ሁሉም ከወጡ የሚቀረቅረው የለም። ቁልፍ የተፈለሰፈው ይህን ችግር ለማስወገድ ነው፤ ይኸውም ባለቤቱ በውጭ ቆሞ ቤቱን እንዲዘጋና መክፈቻውን ይዞ እንዲሄድ ነው። በጥንቱ የግብጽ ቁልፍ ውስጥ ወደ መወርወሪያው ቀዳዳ የሚወድቁ ትንንሽ የእንጨት ካስማዎች ነበሩ፤ መክፈቻውም ጥርስ ያለው እንጨት ሆኖ ካስማዎቹን ወደ ላይ እያነሣ መወርወሪያውን ያስለቅቅ ነበር። አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ታናሹ እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1865 በስሙ ያስመዘገበው፥ ዛሬም በየበሩ የምናየው ትንሹ የብረት ቁልፍ የተሠራው በዚሁ በጥንቱ ዘዴ ነው።

እንግዲህ ቁልፍ የሰውን ጠባቂ ቦታ በሙሉ ሊተካ ችሏልን? ለዚህ ጥያቄ የእንግሊዝ አገር ታሪክ ጥሩ መልስ ይሰጠናል። ጆሴፍ ብራማ የተባለ ብልህ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1784 እጅግ የረቀቀ ቁልፍ ሠራ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አንዱን ጓጉንቸር በለንደን ሱቁ መስኮት ላይ አኑሮ፥ ያለ መክፈቻው ለሚከፍተው ሰው 200 ጊኒ ሽልማት እንደሚሰጥ ጻፈበት። ጓጉንቸሩ ከ60 ዓመት በላይ ሳይደፈር ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን ታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን በተከፈተ ጊዜ ግን አልፍሬድ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ሞክሮ ከፈተው። ይሁን እንጂ ሥራውን የፈጸመው በ16 ቀን ውስጥ 51 ሰዓት ያህል ደክሞ ነው። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። በሰው የተሠራ ቁልፍ ሁሉ በሰው ይከፈታል፤ ልዩነቱ በሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁልፍ ሌባን ያዘገየዋል እንጂ አይዘውም። ባለቤቱ ለብዙ ቀን የራቀበትና የሚያየው ሰው የሌለው ቤት ግን ለሌባ ከሁሉ የሚበልጠውን መሣሪያ፥ ጊዜን፥ በነጻ ያበድረዋል።

አባቶቻችን ይህን ያወቁት ከኑሮ ነው። በገበሬው ግቢ ከመኖሪያው ቤት ውጭ የሚቆመው ጎተራ የዓመቱን ቀለብና የመጪውን ዘመን ዘር የያዘ ስለ ሆነ፥ ዋጋው ከቤቱ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ጎታው በቤት ውስጥ ስለሚቀመጥ ከባለቤቱ ዓይን አይርቅም፤ ጎተራው ግን በደጅ ነው። በሐረርጌና በሌሎችም አውራጃዎች ያለው ገበሬ ደግሞ ማሽላውን በጉድጓድ ከቶ አፉን በድንጋይና በአፈር ይደፍነው ነበር። ጉድጓዱ የሚጠቅመው እህሉን ከነቀዝ ለመጠበቅ ብቻ አልነበረም፤ ወታደር በባላገር ላይ እየተሰራ በሚቀለብበት ዘመን እህልን ከዓይን መሰወር ትልቅ መከላከያ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 የአሥራት ግብር መደንገጋቸውም የወታደሩ ቀለብ በሥርዓት እንዲሰበሰብና ይህ ጭንቅ እንዲቃለል በማሰብ ነው።

ሆኖም ከጉድጓዱም ከአጥሩም ይልቅ የሌለውን ሰው ንብረት ይጠብቅ የነበረው የአገር ልማድ ነው። አድራጊው ያልታወቀ ስርቆት ወይም ቃጠሎ በደረሰ ጊዜ የአካባቢው ሰው ሁሉ ለአፈርሳታ፥ በሌላ ስሙም ለአውጫጭኝ፥ በአንድ ስፍራ ይሰበሰብ ነበር። ሽማግሎች ተመርጠው እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይጠየቃል፤ በግልጽ ለመናገር የሚፈራ ምስክርም «ወፍ» ተብሎ ስሙ ሳይገለጥ የሚያውቀውን ያሳውቃል። ጥፋተኛው ሳይገኝ ከቀረም በብዙ ስፍራ የጠፋውን ንብረት ዋጋ የአገሩ ሰው ተካፍሎ ይከፍል ነበር። ይህ ሥርዓት ጉድለት አልነበረውም አንልም፤ ገበሬውን ከእርሻው፥ ነጋዴውን ከገበያው ለብዙ ቀን ያስቀር ነበር፤ ንጹሑም ሰው ከበደለኛው ጋር ይጉላላ ነበር። ነገር ግን አንድ ትልቅ ሐሳብ በውስጡ ነበረበት። የጎረቤቱ ጎተራ ሲደፈር ዕዳው በእርሱም ላይ እንደሚደርስ የሚያውቅ ሰው፥ በሌሊት የውሻ ጩኸት ሲሰማ ተኝቶ አያድርም።

የዚህን ልማድ ጥቅም ለማስተዋል የ1888 ዓ.ም.ን ዘመቻ ማስታወስ ይበቃል። በመስከረም የክተት አዋጅ ተነገረ፤ በጥቅምት ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ የዓድዋ ድል የሆነው የካቲት 23 ቀን ነው። ብዙ ባለ ትዳር በሶውንና ጭብጦውን ከገዛ ጎተራው ሰንቆ፥ አያሌ ሴቶችም ሠራዊቱን ተከትለው ለወራት ከቤታቸው ራቁ። በሸዋ የንጉሠ ነገሥቱ አጎት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ አገር ጠባቂ ሆነው ቀርተው ነበር። በየመንደሩ ግን ጠባቂው የቀረው ሽማግሌ፥ የቀረችው እናትና እረኛው ልጅ ናቸው። ዘማቹ ልቡን ከፊቱ ካለው ጠላት ላይ ሊያሳርፍ የቻለው ከኋላው ሰው ስላለው ነው።

የዚህን ተቃራኒ ያየነው በ1928 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ከተነሡ በኋላ፥ ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ከተማይቱ ያለ ጠባቂ ቀረች። በእነዚያ ጥቂት ቀኖች ብዙ ሱቅና ቤት ተዘረፈ፤ ብዙውም ተቃጠለ፤ የውጭ አገር ሰዎችም በየሌጋሲዮኑ ግቢ ተጠለሉ። የሱቆቹ መዝጊያና ጓጉንቸር የትናንቱ ነበር፤ ያልነበረው ሥርዓትና አስከባሪው ነው። ብረት ብቻውን ቤት እንደማይጠብቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ዛሬ ዘመቻው ቀርቶ ጉዞው የዕረፍትና የበዓል ሆኗል። መስከረም በገባ ቁጥር የጉራጌ ተወላጆች መስቀልን ከወላጆቻቸው ጋር ለማክበር ሱቃቸውንና ቤታቸውን ዘግተው ወደ አገራቸው ይጎርፋሉ፤ በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን ደግሞ ብዙ ምእመናን ወደ ቁልቢ ገብርኤል ይወጣሉ። ጎተራው በከተማ የለም፤ በምትኩ በግቢው ጥግ የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ቆሟል። ብዙ ሰው የመኖሪያውን በር በሁለት ቁልፍ ዘግቶ ይህን ዕቃ ቤት በሽቦ አሥሮት ይሄዳል። በውስጡ ግን መሰላል፥ ዶማና መጥረቢያ አሉ፤ ሌባው ባዶ እጁን ቢመጣ እንኳ ትልቁን ቤት የሚከፍትበትን መሣሪያ ከትንሹ ቤት ያገኛል። ጓጉንቸሩም ምን ቢጠነክር፥ የሚንጠለጠልበት ብረት በሁለት ምስማር ብቻ የተመታ ከሆነ ከነጓጉንቸሩ ይነቀላል። ስለዚህ አስቀድሞ መሰላሉንና መሣሪያውን ወደ ቤት ማስገባት፥ የበሩን ማጠፊያና ማንጠልጠያ መመርመር፥ የመሄጃውን ቀን በየሻይ ቤቱ አለማውራት የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን የአባቶች ቃል ማሰብ ይገባል። በጋራ ሕንፃ የሚኖር ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን በር የሚከፍተው ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ዓመት የሚቆይ ከሆነ፥ ቁልፉ ምን ቢረቅ ለሆብስ 51 ሰዓት እንደ ሰጠው ይቆጠራል። አፈርሳታ ጎረቤትን በዕዳ አስገድዶ ጠባቂ ያደርግ ነበር፤ እኛ ግን ያንኑ በፈቃድና በፍቅር ልናደርገው እንችላለን። ለጎረቤት መሄጃንና መመለሻን ነግሮ፥ ማታ መብራት እንዲያበራ፥ ጠዋት ደጁን እንዲያይ መለመን አያሳፍርም። እርሱም በተራው ሲሄድ ውለታውን መመለስ ግዴታ ነው። አለዚያ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደ ተባለው፥ ሰው የሚሰበሰበው ቤቱ ከተሰበረ በኋላ ይሆናል።