ከምንጩ ካልጠራ፦ ሸክላ፣ ካሴት፣ ሲዲና ፋይል በአንድ የጉለሌ ቤት

ነገሩ የተጀመረው በእራት ሰዓት ክርክር ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ፣ ጉለሌ ውስጥ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል አራት ሆነን እንኖራለን። ከምሳችን ቆርጠን ባጠራቀምነው ገንዘብ መርካቶ ወርደን አንድ ያገለገለ ሲዲ ማጫወቻ፣ አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት የእንጨት ስፒከር ገዛን። ወዲያው ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን «ሲዲን የመሰለ ድምፅ የለም» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ሺህ ዘፈን በኪስ ይዞ እየዞሩ ሳህን ማሽከርከር ምን የሚሉት ነው?» አልን። ወጡ እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። በመጨረሻ፣ ተማሪዎች ነንና፣ በሙከራ እንለየው ተባባልን። ሙከራው ግን ካሰብነው አልፎ ወደ ታሪክ ይዞን ሄደ። ያገኘነውን እነሆ ለጓደኞቻችን እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያው ምሽት ሲዲው አሸነፈ። አንዱን የማሕሙድ አሕመድ ዘፈን በሲዲም በሞባይልም አጫወትነው። የሞባይሉ ድራም እንደ ቆርቆሮ ይንኮሻኮሻል፤ የሲዲው ግን ጥርት ያለ ነው። የሲዲ ወገኖች ጮቤ ረገጡ። ደስታቸው ግን አንድ ቀን አላደረም፤ ከመካከላችን አንዱ የሞባይሉን ፋይል መረመረው።

ለመሆኑ ሲዲ ምንድን ነው? በመሠረቱ የቁጥር መዝገብ ነው። ፊሊፕስና ሶኒ ተስማምተው ባወጡት ደንብ መሠረት ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልክ በ16 ቢት ይጻፋል። ይህ ለግራና ለቀኝ ሲሆን በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይደርሳል። የመጀመሪያው የሶኒ ማጫወቻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው በኦክቶበር 1982 ነው። በማጫወቻው ውስጥ የሌዘር ብርሃን በሳህኑ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጉድጓዶች ያነባል፤ የተነበበውን ቁጥር ወደ ድምፅ ሞገድ የሚመልሰው ደግሞ ሌላ ቀያሪ ክፍል ነው። ሞባይላችን ላይ የነበረው ፋይል በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒስሪ ሆኖ ተገኘ። ይህም ከሲዲው መጠን አንድ አሥራ አንደኛ ገደማ መሆኑ ነው። ጆሮ አይሰማውም ተብሎ የተገመተው ሁሉ ተጥሏል። እንግዲህ ያወዳደርነው ሲዲንና ፋይልን ሳይሆን ሙሉውንና የተጨመቀውን ኖሯል።

ስለዚህ ሙከራውን እንደገና ጀመርን። ያንኑ ሲዲ ምንም ሳይጣል ወደ ኮምፒዩተር ገለበጥነውና ሁለቱንም ከአንዱ አምፕሊፋየር ጋር አያያዝናቸው። የጮኸው ሁሉ የተሻለ ይመስላልና ድምፃቸውን እኩል አደረግን። አንዳችን ከጋቢ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ ሲያቀያይር ሌሎቻችን «ይሄ ሲዲ ነው፣ ይሄ ፋይል ነው» እያልን ጻፍን። ውጤቱ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አልተሻለም። ቀያሪው ክፍል ከማሽን ማሽን ሊበላለጥ ይችላል፤ ስፒከሩና ክፍሉም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ቁጥሩ አንድ ከሆነ ግን ከሳህን ተነበበ ከፍላሽ ለጆሯችን ልዩነት አላመጣም።

ሦስተኛው ምሽት ደግሞ ጭራሽ አሳፈረን። ከመንገድ ዳር የገዛነውን ሌላ ሲዲ ብናስገባው እንደዚያ ሞባይል ተንኮሻኮሸ። ለካ አንድ ሰው ኤምፒስሪውን ሲዲ ላይ በርን አድርጎ፣ ሽፋን አልብሶ ሸጦልናል! ሳህኑ ሲዲ ነው፤ ውስጡ ግን ያው የተጨመቀው ፋይል ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ዘፈን እጃችን ሲገባ የምንጠይቀው «በምን ይጫወታል?» ብለን ሳይሆን «ከየት ተቀዳ? ስንተኛው ቅጂ ነው?» ብለን ሆነ። ይህም የታሪክ ጥያቄ ነው።

ኢትዮጵያውያን ድምፃቸውን በሸክላ ማስቀረጽ የጀመሩት ከመቶ ዓመት በፊት ነው፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ተቀርጸዋል። በ1948 ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ በንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ተሰጠ። በ1969 ገና ወጣት የነበረው አምሃ እሸቴ ይህን ክልከላ ደፍሮ አምሃ ሬኮርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ቅጂው ወደ ሕንድ፣ በኋላም ወደ ሊባኖስ እየተላከ ታትሞ ይመለስ ነበር። አምሃ እስከ 1975 ድረስ 103 ትናንሽና 12 ትላልቅ ሸክላዎች አሳትሞ አገር ለቆ ሄደ። በዚያው ዓመት የማሕሙድ «ኧረ መላ መላ» በካይፋ ሬኮርድስ ወጣ።

ከአብዮቱ በኋላ ሰዓት እላፊ መጣና የሌሊቱ ዓለም ተዘጋ። ሸክላም በ1970ዎቹ መጨረሻ ቀረና ካሴት ነገሠ። ካሴት ርካሽ ነው፣ የትም ይገባል፣ ማንም ይቀዳዋል። ደካማ ጎኑም ይኸው መቀዳቱ ነው፤ ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ሹክሹክታው ይጨምራል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። አራተኛውን ወይም አምስተኛውን ቅጂ የሚሰማ ሰው ዘፋኙን የሚሰማው በጉም ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

ሲዲ ታዲያ ወደ እኛ ሙዚቃ የመጣው በየት በኩል ነው? በሩቅ ዙሮ ነው። በ1986 ብራስልስ የሚገኘው ክራምድ ዲስክስ «ኧረ መላ መላ»ን ለአውሮፓ አድማጭ አወጣ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ፓሪስ በሚገኘው ቡዳ ሙዚክ በኩል «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ የሲዲ ኅትመት ጀመረ፤ አምሃ ያሳተማቸው ዘፈኖችም በዚያ በሲዲ ወጡ። አዲስ አበባ የተዘፈነው ዘፈን ፓሪስ ደርሶ፣ ጥርት ብሎ፣ በውጭ ምንዛሪ ዋጋ ተመለሰ። የኛ ቢጤ ተማሪ ከየት አምጥቶ ይግዛው? ስለዚህ ተቀዳ፤ ቅጂውም ተጨመቀ፤ የተጨመቀውም ተመልሶ ሲዲ ላይ ተጻፈ። በ2004 የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ፤ የመንገድ ላይ ቅጂ ግን ቀጠለ። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለውን ተረት እኛም በተግባር ፈጽመነዋል፤ ዘፋኙ ድካሙን ተዘረፈ፣ እኛ ደግሞ ሙሉውን ድምፅ።

«ታዲያ ዛሬ ኢንተርኔት አለ አይደል?» የሚለን አይጠፋም። አዎ አለ። በ2019 አውታር የተባለው የአገር ውስጥ የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሲጀመር እኛም ደስ ብሎናል፤ ለባለሙያው የድካሙን ዋጋ ለመክፈል የታሰበ ነውና። ነገር ግን ከሰማይ የሚወርድ ሙዚቃ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን ያሰጋናል። በ2020 ክረምት ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ ዘፈን የነበረው በሳህን፣ በካሴት ወይም በፋይል እጁ ላይ የያዘ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ስንከራከር የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ፣ ከበር ላይ ሆነው ይሰሙን ነበር። አንድ ምሽት የጫማ ካርቶን ይዘው ገቡ። «ልጆቼ፣ እስቲ ይችንም በዚያ በጥሩው አሰሙኝ» አሉን። በካርቶኑ ውስጥ የሟች ባለቤታቸው ካሴቶች ነበሩ። ከጎረቤት ቴፕ ተውሰን አንዱን አስገባን። በሹክሹክታው ውስጥ አንድ የሠርግ ዘፈን ተሰማ፤ ቀጥሎም የሟቹ ሳቅና «ተቀድቷል እንዴ?» የሚል ድምፃቸው። እትዬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ወዲያው ቴፑ ክሩን በላው! በእርሳስ እያዞርን ጠቀለልነው፤ የሠርጉ ዘፈን ግን መሐሉ ተጨማዶ ቀረ። ሳቁ፣ ተመስገን፣ ተርፏል። በማግስቱ ካሴቱን ምንም ሳንጨምቅ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጥነው።

ይህ ሳቅ የትም ሲዲ ላይ የለም፤ ፓሪስም አልደረሰም። ቅጂው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱንም ልናጠፋው ለጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ካርቶን ከጉለሌ እስከ ቃሊቲ በስንቱ አልጋ ሥር እንዳለ አስቡት።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ሲዲ ይበልጣል ፋይል የሚለውን ክርክር እኛ ዘግተነዋል። እናንተ ግን ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ካርቶኑን ክፈቱ። ካሴቱን ከማስገባታችሁ በፊት የቴፑን ጭንቅላትና ጎማ አጽዱ። ሳትጨምቁ ገልብጡት፤ ሁለት ቅጂ አድርጋችሁም በሁለት ቦታ አስቀምጡት። ማን ዘፈነ፣ ማን ቀዳው፣ መቼ፣ የማን ሠርግ ላይ፣ የሚያውቁት በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ። ኮምፒዩተር የሌለው ወደኛ ክፍል ይምጣ። ዳገቱ ትንሽ ያስቸግራል እንጂ እትዬ ቡና አያጡም።