የኡም ራኩባ ጥቁር አፈር

አያቴ የጎንደሯ ወለቃ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ኡም ራኩባ በደረስን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ የእግሯ ቁስል ገና ሳይጠግ፣ ከተሰጠን ጎጆ ፊት ለፊት አንድ እፍኝ አፈር አነሣች። በውሃ ጠብታ አርሳ በመዳፏ መሐል አሸችው። ጥቁር ነው፤ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ሲያሹት እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። እኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩና ምጣድ ልትሠራልን መስሎኝ ደስ አለኝ። ስኒ የምታህል ነገር አበጅታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠቻት። ከቀትር በኋላ ብናያት ከአፏ እስከ ታችዋ ለሁለት ተሰንጥቃለች።

«ይህ አፈር አይሆንም» አለች አያቴ። «ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ዕቃ አይወጣውም።»

እዚያው አፈር ውስጥ ከቀበርናት 40 ዓመት አልፏል።

«ራኩባ» በሱዳኖች ዐረብኛ ከእንጨት ቋሚና ከሣር ክዳን የሚሠራ ዳስ ነው። «ኡም ራኩባ» እንግዲህ ባለዳሷ፣ የዳስ እናት እንደማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ፤ ቦታዋ በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ድንበር ወደ 70 ኪሎ ሜትር ገባ ብላ የምትገኝ ሜዳ ናት። ሁለት ጊዜ በሰው ተሞልታለች፤ በሁለቱም ጊዜ ያስጠለለችው ከኢትዮጵያ ሸሽቶ የመጣን ሕዝብ ነው።

ልጄ ባለፈው ዓመት ለትምህርት ቤት ሥራው ስለ ተለቀቁ ከተሞች ሲያነብ ኮልማንስኮፕ የምትባል የናሚቢያ የአልማዝ ከተማ ፎቶ አሳየኝ። እ.ኤ.አ. በ1908 አንድ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ በረሃው ላይ አልማዝ አግኝቶ፣ ጀርመኖች ሆስፒታልና የመደነሻ አዳራሽ ሳይቀር ገነቡባት። አልማዙ ሲያልቅ ሰዉ ሄደ፤ በ1956 የመጨረሻዎቹም ለቀቁ። ዛሬ አሸዋ በየክፍሉ እስከ መስኮት ድረስ ተከምሮ ይታያል፤ ቱሪስት ከፍሎ ይጎበኛታል። ልጄ «እናንተ የነበራችሁባትስ ምን ቀርቷታል?» አለኝ። ቶሎ መልስ አጣሁ። የድንጋይ ቤት ባለቤቱ ቢሄድ እንኳ ይቆማል። ዳስ ግን ሰዉ በሄደ በዓመቱ እንጨቱ ለማገዶ፣ ሣሩ ለምስጥ ነው። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለእሱ መልስ ስፈልግ ነው።

የገዳሪፍ ሜዳ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ለጦሩ ቀለብ ብለው በትራክተር ማረስ ጀመሩበት፤ ከዚያ ወዲህ እርሻው እየሰፋ የድንበሩን አገር ሁሉ በላው። የጎንደርና የትግራይ ሰው መንገዱን የሚያውቀው ከስደቱ በፊት ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ወደ ሁመራ የሚወርደው ሠራተኛ አንዳንዱ ድንበሩን አልፎ ገዳሪፍ ድረስ ይሄድ ነበር። ከጎንደር በጭልጋ ወደ መተማ፣ ከዚያ ገላባትን ተሻግሮ በዶካ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚያስኬደው መንገድ የነጋዴም የጦረኛም መንገድ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ተዋግተው የወደቁት መተማ ላይ ነው። እኛ ስንሻገር ግን ከዚህ ታሪክ አንዱንም አላሰብነውም፤ በሌሊት ነው የምንሄደው፣ ቀን ቀን ጫካ ውስጥ እንተኛለን፣ አባቴም እንዳናስል አፋችንን በነጠላ እንድንይዝ ይነግረን ነበር።

ንጉሡ ወርደው ደርግ ከመጣ በኋላ ነው ድንበሩ በሰው የጎረፈው። ኢዲዩ የሚባለው ተቃዋሚ ድርጅት በሁመራና በመተማ በኩል ከደርግ ጋር ሲዋጋ የአገሩ ገበሬ ሸሸ፤ ከቀይ ሽብር ያመለጠ የከተማ ተማሪም በዚያው ወጣ። ኡም ራኩባ፣ ገዳሪፍ ከተማ ጥግ ያለችው ተዋዋ፣ ሌሎቹም ጣቢያዎች የቆሙት በእነዚህ ሰዎች ነው። እኛ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን አይሁድ፣ የመጣነው ከኋላ ነው። ከእኛ ቀድሞ ሱዳን የገባው ፈረደ አክሉም የሚባል መምህር ነበር፤ ከዚያ ሆኖ ወደ ውጭ የላከው ደብዳቤ መንገዱን ከፈተ። በኋላ «በሱዳን በኩል ኢየሩሳሌም ይገባል» የሚለው ወሬ ከመንደር መንደር በሹክሹክታ ደረሰ። እኛ የወጣነው በ1976 ክረምት ዋዜማ ነው፤ በዚያው ዓመት ድርቁም ጀምሮ ነበር።

ጣቢያው ውስጥ እኛ በአንድ ወገን ተጠጋግተን ሰፈርን። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያንም እስላምም ነበሩ፤ ትግርኛም አማርኛም ይሰማል። ማን እንደሆንን ለማያውቅ አንናገርም። ሰንበት ሲሆን እሳት ስለማናነድ ከየጎጇችን ጭስ አይወጣም፤ አያቴ ይህ ያሳብቅብናል ብላ ትፈራ ነበር። «ኮሚቴ» የምንላቸው የእኛው ልጆች ማታ ማታ እየዞሩ ለቤተሰቡ ገንዘብ ያደርሳሉ፣ ስም ይመዘግባሉ፣ ቀን ጠብቁ ይላሉ። ማን እንደላካቸው ልጅ አይጠይቅም።

ክረምቱ ሲገባ ያ ጥቁር አፈር ጭቃ ሆነ። መኪና አይገባበትም፣ እግርም አያስወጣም፤ እህል የጫነ ሎሪ መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ሳምንት ይቆማል። ወባው፣ ተቅማጡ፣ ኩፍኙ አብሮ ገባ። በመንገድና በሱዳን ጣቢያዎች ወደ 4,000 የሚጠጋ ቤተ እስራኤል እንዳለቀ ይገመታል። ከእኛ ቤት አያቴና ገና ጡት ያልጣለው ወንድሜ ናቸው። መጀመሪያ እሱ፣ ከዚያ በ11 ቀን እሷ።

በእኛ ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ በወራጅ ውሃ ታጥቦ ይነጻና ወደ ቤቱ ይመለሳል። አባቴ የራሱን ልጅ ቀብሮ ከጎጇችን ራቅ ብሎ አንድ ግራር ሥር ተቀመጠ። በማግስቱ ከጎረቤት አንዲት ሴት ሞተች፤ ጉድጓድ የሚቆፍር ጉልበት ያለው ወንድ ጥቂት ነውና ተነሥቶ ሄደ። ሰባቱን ቀን እንደገና ከአንድ ጀመረ። ከዚያ ሌላ ሞተ። ክረምቱ እስኪወጣ አንድም ጊዜ ሰባቱ ቀን አልሞላለትም። ወራጅ ውሃ የሚባል በአጠገባችን የለም፤ ውሃ የምናገኘው በጀሪካን ተሰልፈን ነው፤ የሚጠጣ እንኳ አይበቃም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ስለ ሱዳን ሲያወራ ረሃቡን ብዙም አያነሣም ነበር። የሚያነሣው «ሳልነጻ ነው የወጣሁ» የሚለውን ነው። የቤተ እስራኤልን የሱዳን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የሞተውን ሲቆጥሩ ይህንንም ቢጽፉ እወዳለሁ፤ በሕይወት የወጣውም ሃይማኖቱ ያዘዘውን ማድረግ ተከልክሎ ነው የወጣው።

ጣቢያው አጠገብ ከሚኖሩት ሱዳኖች አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ «ሐቦባ» እንላቸዋለን፣ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ወንድሜ በሞተ ማግስት በቅል ወተት ይዘው መጡ። እናቴ እንዳትቀበል ሥርዓቱ ያስቸግራታል፤ እንዳትመልስ ደግሞ ሴትዮዋ ያለቅሳሉ። ተቀበለች። ለእኔ ነው የሰጠችኝ። የአያቴን መቃብር ቦታ ያሳዩንም እሳቸው ናቸው፤ ጎርፍ የማይደርስበት ከፍ ያለ መሬት አንዲት በደኖ አጠገብ። በደኖ ሱዳኖቹ «ላሎብ» የሚሉት ፍሬ ያለው ዛፍ ነው፤ እኛ ልጆች ፍሬውን እንደ ከረሜላ እንመጠው ነበር።

አገራችን መቃብር ላይ ድንጋይ ይከመራል። በዚያ ሜዳ ግን ድንጋይ ብርቅ ነው። አውሬ እንዳያወጣት ብለው እሾህ ጣሉባት፤ ሌላ ምልክት የለም። ብዙ ዓመት ቆይቼ ስለዚህ አፈር አነበብኩ። በበጋ ሲሰነጠቅ የልጅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ከላይ ያለው አፈር ወደ ስንጥቁ ይገባል፤ ዝናብ ሲመጣ አብጦ የውስጡን ወደ ላይ ይገፋል። ራሱን በራሱ ይገለብጣል። አያቴ ይህን ሁሉ አንድ እፍኝ አሽታ ነው ያወቀችው። እንዲህ ያለ መሬት ላይ 40 ክረምት ካለፈ በኋላ መቃብር ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ ገባኝ።

ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም. «የሙሴ ዘመቻ» የሚሉት ተጀመረ። የእኛ ተራ የደረሰው ታኅሣሥ ላይ ነው። በሌሊት በሎሪ ገዳሪፍ ወሰዱን፤ ከዚያ መጋረጃው በተዘጋ አውቶቡስ ካርቱም ገባን። አውሮፕላኑ የቤልጂየም ኩባንያ ነበር፤ በብራሰልስ አድርጎ እስራኤል አደረሰን። በጥቂት ሳምንት ከ6,000 በላይ ሰው እንዲህ ወጣ። ወሬው በጋዜጣ ሲፈነዳ የዐረብ አገሮች ሱዳንን ተቆጡ፤ ታኅሣሥ 27 ቀን በረራው ተቋረጠ። ብዙ ሰው ተራው ሳይደርስ ቀረ። ከቀሩት 500 የሚያህሉትን በመጋቢት የአሜሪካ አየር ኃይል ገዳሪፍ አቅራቢያ ካለ ሜዳ አነሣቸው። በዚያው ወር የሱዳኑ መሪ የኒሜሪ መንግሥት ወደቀ። በቀይ ባሕር ዳር የእስራኤል ሰላዮች ሕዝባችንን ለማውጣት እንደ መዝናኛ ሆቴል ስላቋቋሙት ስለ አሩስ በኋላ ፊልም ሳይቀር ተሠራ። ሰዎቹ ያደረጉት ትልቅ ነገር ነው፤ አመሰግናቸዋለሁ። ግን የዚያ ታሪክ መሐል ሆቴሉ ነው ብዬ አላምንም። እኔ ብጠየቅ ታሪኩን የምጀምረው ከአባቴ ግራር ሥር ነው።

ከእኛ በኋላም ኡም ራኩባ ባዶ አልሆነችም። ሌሎቹ ስደተኞች እዚያው ወለዱ፣ ልጆቻቸው ዐረብኛ ተናገሩ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ብዙው ወደ አገሩ ገባ። በ1992 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ከ1983 በፊት ለወጡት ኢትዮጵያውያን የስደተኝነት መብት ማብቃቱን አወጀ፤ ጣቢያዋም በዚያው ዘመን ተዘጋች። ሜዳዋ ለ20 ዓመት ያህል ለማሽላውና ለከብቱ ተመለሰች።

ኅዳር 2013 ዓ.ም. እናቴ ቤት ረሖቮት ቡና እየጠጣን ቴሌቪዥኑ «ኡም ራኩባ» አለ። እናቴ ስኒዋን አስቀመጠች። የትግራዩ ጦርነት ተነሥቶ ሰው ተከዜን ተሻግሮ ሐምዳየት ገብቷል፤ ከዚያ በአውቶቡስ እየጫኑ ወደ ኡም ራኩባ ይወስዱታል። ወደ ሱዳን የወጣው ሰው በኋላ ከ60,000 አለፈ። ስክሪኑ ላይ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ያው ጥቁር አፈር ላይ ቆማለች። እናቴ ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል አልተናገረችም። «ውሃው ቀርቧቸዋል?» አለች። ሪፖርተሩ ስለ ውሃ አላወራም። እሷ ግን ዜናው እስኪያልቅ ያንኑ ደጋግማ ጠየቀችኝ።

ሚያዝያ 2015 ደግሞ ሱዳን ራሷ በጦርነት ነደደች። ሱዳናውያን በገላባት ወጥተው መተማ ገቡ፤ በምዕራብ ጎንደር ኩመር ላይ ድንኳን ተተከለላቸው። ሐቦባ በሕይወት የሉም ብዬ እገምታለሁ። የልጅ ልጆቻቸው ግን በዚያ መንገድ፣ እኛ በሌሊት በሄድንበት መንገድ፣ ወደ እኛ አገር ሄደው ይሆናል እያልኩ አስባለሁ። ወተት ያመጣላቸው ሰው እንዲኖር እመኛለሁ።

በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ሄርዝል ተራራ ላይ ለሱዳን ሙታን የተሠራው መታሰቢያ ዘንድ እንሄዳለን። ቄሶቹ ይጸልያሉ፣ ወታደሮች ይሰለፋሉ፣ እናቴ ነጭ ለብሳ ትቆማለች። ዘንድሮ ስንመለስ ከልጄ ጥያቄ ተነሥቼ «አያቴ የተቀበረችበትን ቦታ ልትነግሪኝ ትችያለሽ?» አልኳት። ለዳቦ ካቦካችው ሊጥ ላይ እጇን አነሣችና ጠረጴዛው ላይ በተበተነው ዱቄት በጣቷ ትስል ጀመር። ይኸ የውሃው ሰልፍ፣ ይኸ ክሊኒኩ፣ ይኸ የእኛ ጎጆ። ይኸ በደኖዋ። ከበደኖዋ ወደ ፀሐይ መውጫ 40 እርምጃ፤ ወንድምሽ ከእግሯ ግርጌ። እኔ ወረቀት አምጥቼ ጻፍኩ፤ ልጄ አጠገቤ ቆሞ ያያል።

ከዚያ እናቴ የጻፍኩትን አንብቢልኝ አለች። አነበብኩላት። ትንሽ አሰበችና፦

«ልጀ፣ ያን ጊዜ ታምሜ ነበር። እርምጃዬ አጭር ነው ብለሽ ጨምሪበት» አለች።