በረኪናና ቁስል

በረኪና የምንለው ቃል ከጣልያንኛው «ቫሬኪና» የመጣ ነው። ነጩን ልብስ ያነጣል፣ ባለቀለሙን ያበላሻል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰረስራል። ቁስል ይታጠብበታል ሲባል ብዙ ሰው ይዘገንነዋል፤ እውነትም ከጠርሙሱ እንደወጣ ቢፈስበት ሥጋ ያቃጥላል። የዚህ ርካሽ ፈሳሽ የሕክምና ታሪክ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል፦ ምን ያህል ውሃ ይጨመርበት?

ፈረንሳዊው መድኃኒት ቀማሚ ላባራክ በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሚሸት ቁስልን በክሎሪን ውሃ ማጠብን አስተዋወቀ። ልኩ የተገኘው ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ምሽጉ የተቆፈረው ፍግ በጠገበ የእርሻ መሬት ስለነበር የወታደሩ ቁስል ይመግላል፣ እግሩም ይቆረጣል። በ1915 ኮምፒዬኝ በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ ዴኪን ከ200 በላይ ውህዶችን ፈትሾ የበረኪናን ዋና ንጥረ ነገር፣ ሶዲየም ሃይፖክሎራይትን መረጠ። ወደ 0.5 በመቶ አቀጠነው፤ ቆዳ እንዳይልጥም በቦሪክ አሲድ አበረደው። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አሌክሲስ ካሬል ደግሞ የተበሳሱ ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎችን ወደ ቁስሉ ጓዳ አስገብቶ በየሁለት ሰዓቱ ፈሳሹን ይለቅባቸው ነበር። ክሎሪን መግልና የሞተ ሥጋ ሲያገኝ ቶሎ ያልቃል፤ አንዴ አጥቦ መሸፈን ዋጋ የለውም። ለእኔ ከፈሳሹ ይልቅ ትልቁ ግኝት ይህ ድግግሞሽ ነው።

በዚያው ጦርነት በፈረንሳይዋ ቡሎኝ ይሠራ የነበረው ሐኪሙ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ግን ብርቱ ጸረ ተዋስያን ነጭ የደም ሕዋሳትንም እንደሚገድሉ አሳየ። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ሲስፋፋ የካሬል ቱቦዎች ተረሱ።

በረኪናው ግን በእኛ አገር ሌላ ሥራ ጠበቀው። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣውን የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስን፣ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ አጥንቶ ለሕክምናው ዓለም ያሳወቀው ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ ነው። ያበጠው ቆዳ ይደድራል፣ በጣቶች መካከል ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ተዋስያን ሲገቡ እግሩ ይግላል፣ ሰውየውም በትኩሳት አልጋ ላይ ይወድቃል። ይህ በዓመት ደጋግሞ ይመላለሳል።

ሕክምናው ሳፋ፣ ሳሙና፣ ከዴኪን ውሃ እጅግ የቀጠነ በረኪና፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ነው። እግሩ ይታጠባል፣ ይዘፈዘፋል፤ በየጣቱ መሐል ጨርቅ እየገባ እርጥበቱ ይደርቃል፤ ቫዝሊኑ እስኪለሰልስ ይታሻል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት በ2018 ታትሟል። እንክብካቤውን ወዲያው የጀመሩት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሕመሙ ሲነሣባቸው፣ ተራ የጠበቁት 23.9 ጊዜ ተነሥቶባቸዋል። ቁጥሩ አሁንም ከባድ ነው። ሆኖም ለገበሬ አራት ጊዜ ከአልጋ መትረፍ ማለት የአጨዳ ቀናት ማለት ነው።

በረኪናው ርካሽ ነው። እግር በየቀኑ የሚዘፈዘፍበት ውሃ ግን ከምንጭ ይቀዳል፤ ጀሪካኑን ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣውም ብዙ ጊዜ ያው ያበጠ እግር ነው።