የጋላቢ ጎነ ሦስት

ረጅም ሰው ባለ አራት ጎማ ሞተር ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ጉልበቱ ነው። ተቀምጦ ሳለ ጉልበቱ ወደ መሪው ይጠጋል፤ መሪውን እስከ ጥጉ ሲጠመዝዝ እጀታው ጭኑን ይገጨዋል። ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ቆሞ ልንዳ ሲል ደግሞ መሪው ዝቅ ብሎበት ጎብጦ ይሄዳል። ችግሩን ለሻጭ ቢያዋየው የሚያገኘው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ከፍ ያለ ሲሲ ውሰድ። ሲሲ ግን የሞተሩን ሲሊንደር ይዘት እንጂ የተቀማጩን ቦታ አይለካም። 450 ሲሲው ከ250ው አብዛኛውን ጊዜ ይፈጥናል፤ ለረጅም እግር የሚበቃ ስፍራ አለው ማለት ግን አይደለም።

ሞተረኞች ይህን ጉዳይ በእንግሊዝኛ የሚነጋገሩበት ቃል "ራይደር ትራያንግል" ነው። የጋላቢው አካል ከማሽኑ ጋር የሚገናኘው በሦስት ቦታ ነው፤ በመቀመጫው፣ በእግር መርገጫውና በመሪው እጀታ። ማሽኑን ከጎን እያየን ሦስቱን ነጥቦች በመስመር ብናያይዛቸው አንድ ጎነ ሦስት ይወጣል። ከመቀመጫ እስከ መርገጫ ያለው ጎን ጉልበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ ይወስናል። ከመቀመጫ እስከ መሪ ያለው ጎን የጀርባን ማዘንበልና የክንድን መዘርጋት ይወስናል። ከመርገጫ እስከ መሪ ያለው ደግሞ ጋላቢው ቆሞ ሲነዳ የሚኖረውን ቁመና። ከሦስቱ ነጥቦች አንዱ ሲነካ ሁለት ጎኖች ይለወጣሉ፤ ረጅሞች መቀመጫውን ብቻ አስነሥተው አዲስ ሕመም ይዘው የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ነው።

በአማርኛ "የጋላቢ ጎነ ሦስት" ብንለው ይስማማል። "ሦስት ማዕዘን" ለአፍ ይቀናል፤ እዚህ ላይ የምንለካው ግን በሴንቲሜትር ጎኖቹን ነው፤ ስለዚህ የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ ቃል ይሻላል። በምዕራብ ሸዋ አምቦና ጉደር በአፋን ኦሮሞ የተማረ ተማሪም "ሮግሰዴ" የሚለውን ቃል ከክፍል ያውቀዋል፤ ሥዕሉን ለማስረዳት ብዙ አያደክምም። "ነጂ" ወይም "አሽከርካሪ" ያላልነው ደግሞ ሥራው ስለሚለይ ነው። የመኪና አሽከርካሪ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ወገቡን ወዲህ ወዲያ ቢያደርግ መኪናው ግድ የለውም። ባለ አራት ጎማ ሞተር ላይ ያለው ሰው ግን እግሩን ግራና ቀኝ አንፈራጥጦ፣ ኩርባ ላይ ወደ ውስጥ ተጋድሞ፣ ዳገት ላይ ወደ ፊት ተስቦ፣ በገዛ ክብደቱ ማሽኑን ይገራል። ይህ የፈረሰኛ ሥራ ነው።

ፈረሰኛ ካልን፣ ምዕራብ ሸዋ ለዚህ ቃል እንግዳ አገር አይደለም። አገሩ የፈረስ አገር ነው። ጋላቢና ፈረስ እንደ አንድ የሚቆጠሩበት ልማድ ከመኖሩ የተነሣ ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አባ መላ። ኮርቻውን ልብ ብለን ብናየው ደግሞ የጎነ ሦስቱ ጥያቄ ተመልሶበት እናገኘዋለን። የኮርቻው እንጨት ለፈረሱ ጀርባ የተሠራ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ከፍ ብሎ ጋላቢውን ይይዛል። እርካቡ ግን የተንጠለጠለው በጠፍር ነው። ረጅም ሰው ሲወጣ ጠፍሩ ይረዝማል፣ አጭር ሲወጣ ያጥራል። ልጓሙም እንዲሁ፤ እጅ ወደ ደረት ቢቀርብም ቢርቅም ጠፍሩ ይከተላል። ከሦስቱ ነጥቦች ሁለቱ በቆዳ ስለሚስተካከሉ አንዱ ኮርቻ ለአባትም ለልጅም ያገለግላል። ከአምቦ በስተደቡብ ወንጪ ሐይቅ ድረስ ፈረስ የሚያከራይ ሰው እንግዳውን ካወጣ በኋላ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው፤ እርካቡን ከእግሩ ጋር ማስተካከል። የጥንቶቹ ፈረሰኞች ጫማ ሳያደርጉ በአውራ ጣት ብቻ የሚያዝ ጠባብ የብረት ቀለበት ይረግጡ ነበር፤ በዚያች ጣት ላይ ቆሞ ጦር መወርወር ምን ዓይነት የእግር ርዝመት ስሌት እንደሚፈልግ የሞከረው ያውቀዋል።

ወደ ብረቱ ፈረስ ስንመጣ ጠፍሩ ጠፍቷል። መርገጫው ከሻንሲው ጋር በቡሎን የታሰረ ወይም የተበየደ ነው፤ መሪው የቆመበት ዘንግ ርዝመቱ የተወሰነ ነው፤ መቀመጫው የኋላውን ብረት ቅርጽ ተከትሎ ተሠርቷል። ፋብሪካው አንድ መካከለኛ አካል አስቦ ሦስቱን ነጥቦች ይተክላቸዋል።

የባለ አራት ጎማ ሞተር ታሪክ ራሱ አጭር ነው። ሆንዳ ባለ ሦስት ጎማውን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር፤ ብዙ ሰው ስለገለበጠ በ1988 አምራቾቹ አሜሪካ ውስጥ መሸጡን እንዲያቆሙ ተስማሙ። በ1985 ሱዙኪ ለውድድር የተሠራውን ባለ አራት ጎማ ኤልቲ250አር አቀረበ፤ ሆንዳም ቲአርኤክስ250አርን ከ1986 እስከ 1989 ሠራ። በ2004 የያማሃ ዋይኤፍዜድ450 እና የሆንዳ ቲአርኤክስ450አር ሲመጡ ውድድሩ ወደ 450 ሲሲ ተሻገረ። ተወዳዳሪዎች የፋብሪካውን ሻንሲ ጥለው በልክ ማሠራት የጀመሩት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እንደ ሌገርስና ዋልሽ ሬስ ክራፍት ያሉ ቤቶች ስማቸውን ያገኙት በዚህ ሥራ ነው።

እንግዲህ ለረጅም ጋላቢ የትኛው ነጥብ ይንቀሳቀስ? ሁሉም ሰው አስቀድሞ የሚያስበው መርገጫውን ማውረድ ነው። እግር ይዘረጋል፣ ጉልበት ከመሪው ይርቃል፣ ክብደትም ከፍ አይልም። እኔ ግን ይህን የመጨረሻ አማራጭ አደርገዋለሁ። ምክንያቱን ለማየት ክረምት ላይ ከጊንጪ ዋናውን አስፋልት ለቆ ወደ ገጠር መግባት ይበቃል። አካባቢው የመረሬ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ የከባድ መኪና ጎማ ያለፈበት ጥልቅ ቦይ ሆኖ ይቀራል። 5 ሴንቲሜትር የወረደ መርገጫ እዚያ ቦይ ጠርዝ ላይ ይያያዛል፤ ፍጥነት ካለ ደግሞ ከነእግሩ። መርገጫውን ወደ ኋላ ማሸሽም ለቆመ ሰው ይረዳል፣ የተቀመጠውን ሰው ጉልበት ግን የባሰ ያጥፋል።

መቀመጫ ማስነሣት በአንጻሩ የሚፈራውን ያህል አያስፈራም። 170 ኪሎ የሚመዝን ማሽንና 85 ኪሎ የሚመዝን ጋላቢ እንውሰድ። ጋላቢው ከጠቅላላው ክብደት ሲሶ ነው፤ ስለዚህ መቀመጫው 5 ሴንቲሜትር ሲነሣ የሁለቱ የጋራ የክብደት ማዕከል የሚነሣው 1.7 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። የግራውና የቀኙ ጎማ መካከል 100 ሴንቲሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 65 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ወደ ጎን መገልበጥን የመቋቋም አቅሙ የስፋቱ ግማሽ ለከፍታው ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ 0.77። ከተነሣ በኋላ 0.75 ይሆናል። ልዩነቱን ጎማዎቹን ትንሽ በማራራቅ መመለስ ይቻላል፤ የአሜሪካ የሞተርሳይክል ማኅበር በሞቶክሮስ ውድድር እስከ 50 ኢንች፣ ማለት 127 ሴንቲሜትር ስፋት ድረስ ይፈቅዳል።

መሪው ላይ ያለው ጉዳይ ትንሽ ረቀቅ ይላል። በሁለት ጎማ ሞተር መሪው የሚታሰረው ከፊት ሹካው አናት ላይ ነው። ባለ አራት ጎማው ግን ከመሪው ተነሥቶ እስከ ታች የጎማ ማዞሪያ ዘንጎች የሚወርድ ረጅም ብረት አለው፤ ያ ብረት ወደ ጋላቢው ጋደል ብሎ የቆመ ነው። ስለዚህ 2.5 ወይም 5 ሴንቲሜትር የረዘመ ዘንግ ሲገጠም መሪው ከፍ ማለት ብቻ ሳይሆን ወደ ጋላቢው ይጠጋል። ለአጭር ሰው ይህ ጸጋ ነው፤ ለረጅም ሰው ግን አሁንም ጉልበት። ረጅም ዘንግ ሲገዛ መሪውን ወደ ፊት የሚገፋ ማያዣ አብሮ ማሠራት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በልክ የተሠራ ሻንሲ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ሻንሲ ሠሪው የመሪውን መቆሚያ ወደ ፊት ሊወስደው፣ የኋላውን የመቀመጫ ብረት ሊያስረዝመው፣ የመርገጫውን ማሰሪያ እዚያው በቁመቱ ትቶ ወደሚስማማው ቦታ ሊያንሸራትተው ይችላል። በቡሎን የሚገጠም ዕቃ አንድ አንዱን ነጥብ ያንቀሳቅሳል፤ ሻንሲው ሦስቱን በአንድ ጊዜ። ዋጋው ግን ከሌሎቹ ሁሉ ስለሚበልጥ በመቀመጫ ስፖንጅ፣ በዘንግና በመሪ ማያዣ ሳይሞክር ወደዚያ የሚሮጥ ሰው ገንዘቡን የጠላ ነው። ደግሞም ጋላቢው ወደ ኋላ በሄደ መጠን የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፤ ዳገት ላይ አፍንጫው ይነሣል። ስለዚህ ሻንሲው ሲረዝም የኋላ ጎማውን የሚይዘው ክንድም አብሮ እንዲረዝም ይደረጋል።

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ጎዳናውን የያዘው ባለ ሁለት ጎማ ሞተርና ባጃጅ ነው። ቃሉ ግን ለእነርሱም ይሠራል። የአምቦ ባጃጅ ውስጥ ረጅም ሹፌር ጉልበቱን ከመሪው ግራና ቀኝ ከፍቶ ሲነዳ የምናየው ያው ጎነ ሦስት ጠብቦበት ነው፤ የግራ እጁ ፍሪሲዮንና ማርሽ፣ ቀኝ እግሩ ፍሬን ላይ ስለሆነ ቦታ ቀይሮ ማረፍ እንኳ አይችልም። ቦክሰር ሞተር የሚነዳ ረጅም ልጅም ከሆለታ ጌዶ ድረስ ወገቡን ይዞ የሚወርደው ሞተሩ ስለደከመ አይደለም።

የብየዳ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። የውድድር ሻንሲዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት 4130 ከሚባለው ክሮሞሊ ብረት ነው፤ 1 በመቶ ያህል ክሮሚየምና ጥቂት ሞሊብዲነም ስላለበት ከተራ ብረት ይጠነክራል፣ ቱቦው ስስ ሆኖም ይሸከማል። ይህ ስስ ቱቦ በር በሚበየድበት ኤሌክትሮድ ከተነካ ግን ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል ይደርቅና በንዝረት ይሰነጠቃል። የአሉሚኒየም ሻንሲ ደግሞ የባሰ ነው፤ በሙቀት የተሰጠውን ጥንካሬ ብየዳው ሥር ያጣል፣ ስንጥቁ እስኪታይ ድረስም ከላይ ደኅና ይመስላል። የአምቦ ወይም የባኮ ብየዳ ቤት ባለሙያ የመሪ ማያዣ ወይም የመቀመጫ ላሜራ ቢሠራ እሰየው፤ ዋናውን ሻንሲ ቆርጦ ልቀጥል ቢል ግን እምቢ ማለት ይገባል።

ለሻንሲ ሠሪ "ቁመቴ 1 ሜትር ከ92 ነው" ብሎ መላክ ሱሪን በደረት ልክ እንደማዘዝ ነው። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ በእግሩ፣ አንዱ በጀርባው ሊረዝም ይችላል፤ የመጀመሪያው መቀመጫ ማስነሣት፣ ሁለተኛው መሪ ማራቅ ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ ጫማና የጉልበት መከላከያ አድርጎ ከብሽሽት እስከ መሬት፣ ከዳሌ እስከ ጉልበት፣ ከተቀመጡበት እስከ ትከሻ፣ ከትከሻ እስከ ጭብጥ መለካት። ቀጥሎ አሁን ያለውን ማሽን ሦስት ጎኖች በሜትር መውሰድ፤ መቀመጫ ሲባል ቂጥ የሚያርፍበት ዝቅ ያለው ቦታ እንጂ የስፖንጁ ጫፍ አይደለም። ከዚያ ማሽኑን አቁሞ፣ መርገጫው ላይ ቆሞ፣ ክርኖችን ጥቂት አጥፎ እጅ ሳይጎበጥ የት እንደሚደርስ ሌላ ሰው ይለካለት። በዚያ ቦታና በመሪው መካከል ያለው ልዩነት ነው ለሠሪው የሚላከው ቁጥር።

መሪው ከተነሣ በኋላ ወደ መንገድ ከመውጣት በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። የፍሪሲዮኑ ካቦና የፍሬኑ ቱቦ ለድሮው ከፍታ የተቆረጡ ናቸው። መሪውን እስከ ግራ ጥግ፣ ከዚያ እስከ ቀኝ ጥግ አዙሮ የሚወጠር ካለ በረጅም መቀየር አለበት። የጋዙ ካቦ ከተወጠረ ኩርባ ላይ መሪው ሲዞር ራሱ ጋዝ ይሰጣል፤ ይህም ሞተሩ በባዶ ማርሽ እየሠራ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙሮ ድምፁ ከፍ ማለቱን በማዳመጥ ይታወቃል።