የአንኮበሩ ወፍጮና የወጥ ቤቴ ዕቃ ማጠቢያ

አምና ጥቅምት ላይ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ለመግዛት ጫፍ ደርሼ ነበር። በፊልም የምናየውን ትልቁን አይደለም። ከማይክሮዌቭ ትንሽ ከፍ የሚል፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ከቧንቧ ጋር የግድ መገናኘት የማያስፈልገው፣ በአናቱ 5 ሊትር ያህል ውኃ በጆግ እየተሞላ የሚሠራ የቻይና ዕቃ ነው። ርካሽ ነው፤ ማለቴ፣ ለማሽን ርካሽ ነው። የምኖረው አዲስ አበባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ወጥ ቤቷ ሁለት ሰው ከገባባት አንዱ ይቅርታ እየጠየቀ መውጣት አለበት።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ የተማርኩትም ምህንድስና። በቀን ሦስት ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚደገም ሥራ ሳይ እጄን ይበላኛል፤ «ይሄማ ለማሽን የሚሰጥ ነው» እላለሁ። የዋጋውን፣ የመብራቱን፣ የውኃውን ሒሳብ ኤክሴል ላይ ደረደርኩ። ያስቸገረኝ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «የሰው ጊዜ» የሚለው። ምክንያቱም ዕቃውን የማጥበው እኔ አልነበርኩም።

የምታጥበው የአክስቴ ልጅ ነበረች። ከመሐል ሜዳ ከመጣች ያኔ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር። የመጣችው «ለትምህርት» ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው፣ እኔም እንዲህ ነበር የምለው። በማታው ክፍለ ጊዜ 11ኛ ክፍል ትማር ነበር። ቀን ቀን ደግሞ ቤት ናት። (ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ሰርዤ ነው የጻፍኳት።) ሠራተኛ አይደለችም፣ ደሞዝ የላትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በደሞዝ የተቀጠረችውን የቤት ሠራተኛ እንኳ ከወሰኑ ውጭ ነው ያደረጋት፤ ዘመድማ ጭራሽ ስምም የላት።

«ማሽን ልገዛ ነው» ስላት እናቴ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ፣ «ታዲያ ልጅቱ ምን ልትሠራ ነው?» አለችኝ።

ክፋት አልነበረበትም። ስለ ብር አልጠየቀችኝም፣ ስለ መብራትም አላነሳችም። እሷ ሒሳቡን የጀመረችው ቤት ውስጥ ካለው እጅ ነው። ስልኩን ዘግቼ ስቀመጥ ግን ከዓመታት በፊት ያነበብኩት የአንኮበር ወፍጮ ታሪክ ትዝ አለኝ።

የሸዋ ነገሥታት ዘር የሚመዘዘው ከመንዝ ነው፤ ከአጋንቻው ነጋሢ ክርስቶስ። ልጅ ልጆቹ ከመንዝ ወደ ይፋት፣ ከይፋት ወደ አንኮበር እየገፉ ሄደው ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሸዋን የገዛው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ላይ ደረሱ። ሣህለ ሥላሴ ለባለ እጅ ሰው ፍቅር ነበረው። በዘመኑ ግቢው ከደረሱ የውጭ አገር ባለሙያዎች አንዱ ዲሜጥሮስ የሚባል አልባኒያዊ ነበር፤ እሱም ለንጉሡ በውኃ የሚዞር ወፍጮ ሠራለት። በ1840ዎቹ ሸዋ የገቡ አውሮፓውያን ተጓዦች እንደጻፉት ወፍጮው ብዙም ሳይቆይ ቆመ። ካህናቱ «የአጋንንት ሥራ ነው» አሉ፤ ድንጋዩም ዝም አለ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «እኛና ሥልጣኔ» ለሚባለው ትካዜ ማስረጃ ሆኖ ነው። ካህን ከለከለ፣ አገር ወደ ኋላ ቀረ፣ አለቀ። እኔም ዩኒቨርሲቲ እያለሁ እንደዚያ ነበር የማወራው። አሁን ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ ይለኛል። በዚያው ጊዜ፣ በ1841 እ.ኤ.አ.፣ ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ለዚሁ ንጉሥ ከሌላው እጅ መንሻ ጋር መድፍና ጠመንጃ ይዞ መጣ። መድፉ ሲተኮስ ተራራው አስተጋባ፤ ንጉሡም እጅግ ደስ አለው። ጋኔን ይመስላል ከተባለ እሳት ተፍቶ ቋጥኝ የሚሰብረው ብረት አይቀድምም ነበር? ወንዝ ዳር ሆኖ ገብስ የሚፈጨውን ድንጋይ ለመጠርጠር ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ያለው ማሽኑ የማንን ሥራ ይሠራል በሚለው ላይ ነው። መድፍ የንጉሥን ሥራ ይሠራል። ወፍጮ የሚሠራው የሴት ሥራ ነው፤ በቤተ መንግሥት ደግሞ የባሪያ ሴት። ለግብር የሚቀርበውን እንጀራ ሁሉ፣ ለጠላውና ለጠጁ ቤት የሚገባውን ሁሉ በእጃቸው የሚያዘጋጁ ሴቶች ግቢው ውስጥ ነበሩ። ጉልበታቸው ዋጋ ስላልወጣለት ወፍጮው የሚያተርፈው ነገር በማንም መዝገብ ላይ አይታይም። ንጉሡ ከካህናቱ ጋር ለምን ይጣላ? ለመድፉ ቢሆን ይጣላ ነበር። ለፈጪዎቹ «ይቁም ወይስ ይዙር?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው ስለመኖሩ ደግሞ አንድም ተጓዥ ሲጽፍ አላየሁም። የባርነት ሕጋዊ መሠረት በአዋጅ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው፤ ከወፍጮው መቶ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው።

አያቴ ባሪያ አልነበረችም፤ የመንዝ ጌራ ባላገር ነበረች። መጁ ግን እጇ ላይ ነበር። ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ፣ ጎንበስ ብላ፣ የታችኛው ድንጋይ ላይ መጁን እየገፋች ትፈጫለች። ገብስ ደግሞ እንደ ጤፍ አይደለም፤ መጀመሪያ ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ መሸክሸክ አለበት። ስትሞት መዳፏ ላይ ያለው ሻካራ አልለቀቀም ነበር፤ ልጅ ሆኜ ፊቴን ስትዳብሰኝ የሚቧጥጠኝ እሱ ነው። ከዚያ እናቴ ልጅ እያለች የሞተር ወፍጮ መጣ። ካህን አልገዘተውም፤ እንዲያውም ቄሱ ራሳቸው አህያቸውን ጭነው ተሰለፉ፣ ትላለች እናቴ እየሳቀች።

ታዲያ አያቴ አረፈች? ይህን እናቴን ጠይቄያት አውቃለሁ። «ምን ታርፋለች፣ ውኃ ትወርዳለች እንጂ» አለችኝ። ከወፍጮ የተረፈው ጊዜ ለእንስራው ተሰጠ፤ ከእንስራው የተረፈው ለኩበቱ። መንዝ ቆላ አይደለም፣ እንጨት የለም፤ በዚያ ከፍታ የሚነደው በአብዛኛው ኩበት ነው፣ ኩበት ደግሞ በእጅ ይጠፈጠፋል። ከዚያ የተረፈ ካለ የበግ ጠጉሩ አለ፤ ለባና የሚሆነው ይፈተላል። አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ሩት ሽዋርትዝ ኮዋን በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ስለ አገሯ ያለችው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የቤት ማሽኖች ሲበዙ የባልና የልጆች ድርሻ ቀነሰ፣ «ንጹሕ» የሚባለው መለኪያ ከፍ አለ፣ የእናትየዋ ሰዓት ግን እምብዛም አላጠረም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። አያቴ ቤት የሚታጠብ ዕቃ ስንት ነበር? ብዙ አልነበረም። እንጀራው ራሱ ሳህን ነው፤ ተበልቶ ያልቃል። ሌማቱ ይጠረጋል። ዋንጫው ይለቀለቃል። ድስቱ በገለባና በአመድ ይታሻል። የከበደው እጥበት የጠላው ጋን ነበር፤ ግራዋ ሲገኝ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፣ እሱም በየቀኑ አይደለም። የኛን ወጥ ቤት የሞላው ሳህን፣ ሹካ፣ ብርጭቆ፣ ጭልፋ፣ መጥበሻ ሁሉ ኋላ የመጣ እንግዳ ነው። ማጠቢያ ማሽንም የተፈለሰፈው ለዚህ እንግዳ ነው።

የፈለሰፈችው ጆሴፊን ኮክሬን የኢሊኖይ ሰው ናት። ሀብታም ነበረች፤ ሠራተኞቿ የምትሳሳለትን የሸክላ ሳህን ሲያጥቡ ጠርዙን እየሸረፉ አስቸገሯት። መሐንዲስ አልነበረችም፣ ግን ሳህኖቹን ለካች፣ ሽቦውን በልካቸው አጠፈች፣ ሙቅ የሳሙና ውኃ እንዲረጭባቸው አደረገች። በመካከሉ ባሏ ዕዳ ጥሎባት ሞተ፤ ቀልድ የመሰለው ሥራ መተዳደሪያ ሆነ። የፈጠራ መብቷ የጸደቀው በታኅሣሥ 1879 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት! በ1893 እ.ኤ.አ. ማሽኗ በቺካጎው ዓለም አቀፍ ትርኢት ሲታይ፣ እዚህ ደግሞ በነዚያው ዓመታት የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ በስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ከእንጦጦ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ እያስገባ ነበር። የኮክሬን ደንበኞች ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ነበሩ። ተራው ቤት ለረጅም ጊዜ አልገዛትም፤ ማሽኑን የሚያጠግብ ሙቅ ውኃ አልነበረውማ። እና ልብ በሉ፣ እሷም የተነሳችው ለሳህኑ አዝና ነው። ሠራተኞቿ እጃቸው ምን እንደሚመስል አልተጻፈም።

እኔም የሷን ዘዴ ተጠቀምኩ። የማሽኑን የውስጥ ልክ ወስጄ ከካርቶን ሣጥን ሠራሁ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ ለሦስት ቀን የቤቱን የቆሸሸ ዕቃ ሁሉ እየሞከርኩ ቆጠርኩ። በቀን በአማካይ 41 ዕቃ እናቆሽሻለን። ሣጥኑ ውስጥ የገባው 23 ነው፤ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ማንኪያ፣ ሲኒ። ሲኒማ ለሱ የተሠራ ነው የሚመስለው። የእንጀራው ትሪ ግን አይገባም፤ አጋድዬም አቁሜም ሞከርኩ፣ አይገባም። ብረት ድስቱ ከገባ ሌላው ሁሉ ይወጣል። ጀበና አይታሰብም፣ ሸክላ ነው። ቡሃቃው ከማሽኑ ራሱ ሊበልጥ ምንም አልቀረው። ያረረ ሽሮ ደግሞ በውኃ ርጭት የሚለቅ አይመስለኝም፤ እኔ በማንኪያ ፍቄም አቅቶኛል። ሳሙናውም ሌላ ነው፤ የእጅ ዕቃ ማጠቢያው ፈሳሽ ማሽን ውስጥ ከገባ አረፋው ይገነፍላል፣ የሱ እንክብል ደግሞ ሠፈራችን ሱቅ የለም።

ለማሽኑ የሚመሰክርለት ውኃው ነው። በሁለት ሳፋ ስናጥብ በቀን 22 ሊትር ይሄዳል፤ ማሽኑ ሁለት ጊዜ ቢሠራ 10 ሊትር። ውኃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ለሚመጣለት ቤት ይህ ቀላል አይደለም። ትሪውና ድስቱ የሚፈልጉት ሲጨመር ግን ትርፉ ከግማሽ ጄሪካን አይዘልም፤ ያም ቢሆን ጥሩ ነው። መግዛቱ ወደ መግዛቱ አዘነበለ።

በአራተኛው ቀን ነው መጠየቅ የነበረብኝን ሰው የጠየቅኩት። ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቧ ቆሜ ማንኪያ ስቆጥር ምን አደረገው እንደምትል እንኳ አልጠየቅኳትም። ስትመጣ በአንቱታ ነበር የምታናግረኝ፤ ለምኜ ነው ያስተውኳት፣ አሁንም ስትደነግጥ ይመለስባታል።

«ማሽን ላምጣልሽ?» አልኳት።

«ለኔ ነው እንዴ?» አለች። ከዚያ ሳፋው ላይ እንዳቀረቀረች፣ «ዕቃ ሳጥብ እኮ ማንም አይልከኝም፣ ጋሼ» አለችኝ።

አልገባኝም። በሻሹ ሥር የጆሮ ማዳመጫ እንዳለ አየሁ። የባዮሎጂ አስተማሪዋን ድምፅ በስልኳ ቀድታ፣ ዕቃ ስታጥብ ነው የምታጠናው። ቀኑን ሙሉ «እስቲ ቡና»፣ «እስቲ ሱቅ»፣ «እስቲ በር ክፈቺ» ነው፤ እጇ ሳሙና ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው የሚተዋት ሰው የሚኖረው። የሚተዋት ሰው እኔ ነኝ። ኤክሴል ላይ ለማሽኑ ልሰጠው የነበረው አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ፣ ቤቱ ውስጥ የሷ የሆነው እሱ ብቻ ነው።

«ታዲያ ምን ይሻልሻል?»

«ቀን ብማር።»

«ቀን ከሄድሽ እህል ማን ያስፈጫል? ለምሳ ማን…» ካልኩ በኋላ ነው አፌን የያዝኩት። ድምፁ የኔ ነበር፣ ቃሉ ግን ከስልኩ ወዲያ ማዶ የሰማሁት ነው።

ማሽኑን አልገዛሁም። የተቀመጠው ብር ከፊሉ ለደብተር፣ ለዩኒፎርምና ለታክሲ ሄደ፤ ከመስከረም ጀምሮ ቀን ትማራለች፣ 12ኛ ክፍል። ምሳ ውጭ እበላለሁ፣ ማታ ዕቃ አጥባለሁ፤ ጥሩ አጣቢ አይደለሁም፣ ሁለት ብርጭቆ ሰብሬ አንድ ሲኒ ሸርፌአለሁ። ፈተና ሲኖርባት ሳፋውን ትቀማኝና ማዳመጫዋን ሰክታ ራሷ ታጥባለች፤ ያኔ ወጥ ቤት አልገባም። የካርቶኑ ሣጥን አሁንም ጠረጴዛው ላይ አለ፤ የታጠበ ሲኒ እናደርቅበታለን።

እናቴ ለገና ደውላ፣ «ያንን ማሽን ገዛኸው?» አለችኝ።

«አልገዛሁም።»

«ጎሽ! ምን ያደርግልሃል» አለች። ልጅቱ ቀን እንደምትማር ነግሬያታለሁ። ዕቃውን ማን እንደሚያጥብ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ገና አልነገርኳትም።