ሐበሻ በሐዲስ ሚዛን

በስደት ዓለም ስለ ኢትዮጵያ በተወሳ ቁጥር፣ በኦክላንድም ይሁን በሳን ሆዜ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚጠቅሰው አንድ ቃል አለ። ይኸውም ነቢዩ ሙሐመድ ሐበሾች እስካልነኳችሁ ድረስ አትንኳቸው ብለው ተከታዮቻቸውን አዘዋል የሚለው ነው። ቃሉ ለአብሮ መኖራችን እንደ ቃል ኪዳን ሰነድ ሲቆጠር ኖሯል፤ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው።

የሐዲስ ሊቃውንት ግን ከሺህ ዓመት በፊት ጠይቀዋል። ከነቢዩ ዕረፍት በኋላ ሥልጣን የሚሻሙ ወገኖች፣ የአደባባይ ተራኪዎች፣ ሕዝቡን ወደ በጎ ሥራ እንሳብ ያሉ የዋሃን ሳይቀሩ በስማቸው ቃል ይፈጥሩ ነበርና፣ ሊቃውንቱ የዘጋቢዎቹን ሰንሰለት (ኢስናዱን) ማን ከማን ሰማ፣ በእርግጥ ተገናኝተዋልን፣ የታመኑ ነበሩን እያሉ መረመሩ። ሐበሻ ሲራብ ይሰርቃል፣ ሲጠግብ ያመነዝራል የሚለውን የመሰለ ስድብ በዚህ ወንፊት አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ1350 ያረፈው የደማስቆው ኢብን አል-ቀይም ሐበሻንና ጥቁሮችን የሚነቅፉ ሐዲሶችን ሁሉ ሐሰት ሲል ጠርጎ ጥሏቸዋል።

ውዳሴውም ቢሆን አልተማረም። ቢላል «ሽ»ን «ስ» እያለ አዛን ያደርግ ነበር፣ በአላህ ዘንድ ግን የእርሱ «ስ» «ሽ» ናት የሚለውን ተወዳጅ ወሬ ኢብን ከሢር (በ1373 ያረፈ) መሠረት የለውም ብሎታል። በእኔ አስተያየት ይህ ምስጋና መስሎ የተሰወረ ንቀት ነው፤ የጥንቶቹ ዘገባዎች ቢላልን የሚያስታውሱት በድምፁ ማማር ነውና።

ወደ ተነሣንበት ቃል ስንመለስ፣ በአቡ ዳውድ (በ889 ያረፈ) ስብስብ ስለሚገኝ ከነዚህ ተራ ፈጠራዎች ጋር የሚደመር አይደለም። ሆኖም የኮርዶባው ኢብን ሩሽድ እንደሚተርከው፣ የመዲናው ኢማም ማሊክ (በ795 ያረፈ) ስለ ቃሉ እውነተኛነት ሲጠየቅ አላጸናውም። ሰዎች እነርሱን ከመውረር እንደ ታቀቡ ናቸው ከማለት በቀር። እንግዲህ ማሊክ የመሰከረው ለልማዱ እንጂ ለቃሉ አይደለም።

ከዚህም በላይ፣ አቡ ዳውድ ቃሉን ያኖረው ስለ ታላላቅ ጦርነቶች በሚናገረው ክፍል ነው። በአንዱ ዘገባ ሐበሾች ከቱርኮች ጋር ተጣምረዋል፤ በሌላው ደግሞ የካዕባን መዝገብ የሚያወጣው ቀጭን እግር ያለው ሐበሻ ነው የሚል ትንቢት ተከትሎታል። እኛ የምንጠቅሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ሙሉውን ላነበበ ግን፣ በ615 ገደማ ስደተኞቹን ስለ ተቀበለው ንጉሥ ከሚነገረው ምስጋና ይልቅ የሚሰማው ስጋት ነው። በ1529 በሽምብራ ኩሬ የኢማም አሕመድን ሠራዊት ያልመለሰውም ይኸው ቃል ነው።