ርስትና ደመወዝ፤ ከድል በኋላ የነበረው የመንዝ ወጣት

በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣልያን ጦር በዘረት ዋሻ የተጠጉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝ ሲፈጅ ገና ሕፃናት የነበሩት የመንዝና የግሼ ልጆች ለአካለ መጠን የደረሱት አገር ነጻ በወጣበት፣ መሬት ግን በጠበበበት ዘመን ነበር።

ልጅነታቸው በበግ ጥበቃ ያልፋል። ከፍ ሲሉ ገብስና ባቄላ ያርሳሉ፤ ውርጭ ያልመታው አዝመራ ይሰበሰባል። እናቶች የፈተሉት ጠጉር ባና ይሆናል። ጥቂቶች ኮሮጇቸውን ይዘው ለቆሎ ተማሪነት ይሰደዳሉ።

ዋናው ጉዳይ ግን ርስት ነበር። በመንዝም ሆነ በመርሐቤቴ በአባቱም በእናቱም ወገን ከአቅኚው አባት መወለዱን ያስመሰከረ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። መብቱ ከትውልድ ትውልድ ይሰፋል፤ መሬቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ጎልማሳው ከወላጆቹ ጥቂት ጥማድ ይደርሰውና የቀረውን በሙግት ይፈልጋል። የትውልድ ሐረግ መቁጠር ከማረስ ያላነሰ ሙያ ነበር ቢባል ግነት አይሆንም። የጓሳ ሣር እንኳ የአስቦና የጌራ ዘር በሚቆጠርበት የቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር፤ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነው ሣር በተወሰነ ጊዜ ይታጨዳል።

ድርሻው ያልበቃው ወጣት ቁልቁል ወርዶ ጣልያን በጣርማ በር ካወጣው መንገድ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይዘልቃል። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ የቀለም ትምህርት ለቀናው ደግሞ መምህርነት ይጠብቀዋል። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን በ1952 ዓ.ም. ገደማ በመንዝ ተቀምጦ ሲያጠና ያገኘው ኅብረተሰብ ይኸው ነበር። በ1965 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፉ ስለ መንዜው ጠባይ ብዙ ያወሳል፤ የጠባዩ ሥር ግን ከሁሉ አስቀድሞ በርስቱ ላይ ይገኛል።

ርስት በመራቅ አይሻርምና ከተማ የገባው ደመወዝተኛ አገሩን የለቀቀ አይመስለውም ነበር። ደመወዙ መቆያ ነው፤ ጡረታ ሲወጣ ተሟግቶ ድርሻውን ያስከብራል፤ በአባቱ ቀዬ ያርፋል። ይህን ተስፋ ይዘው ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለገሉ ብዙዎች ነበሩ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የርስት ሙግት ቆመ፤ የቄሮ ሥርዓትም ፈረሰ። መሬት በወል ርስትነት በሚያዝበት አገር ገበሬው በዕለቱ የሚያርሰውን ይዞ እንዲቀጥል ተወሰነ። በዕለቱ ሞፈር ያልጨበጠው የከተማ ደመወዝተኛ የቆጠረው የትውልድ ሐረግ ማስረጃነቱ ቀረ፤ በእጁ የቀረው ደመወዙ ብቻ ነበር።